የቡሬ ጅማት

ሰኔ ሃያ አምስት፣ ዝናብ ያባራ 'ለት፣
ከቆላ ድባ በታች፣ በዋልካው መሬት፣
ማረሻውን አንሥታ ልትዞር ስትል ቡሬ
ጢስስ አለ ከጎኗ፤
እባብ መስሎኝ ዘለልሁ፣ ወረድሁ ከወንበሬ።

ቡሬ ትራክተር ናት፤ ሰማያዊ፣ አጭር፣
ሰባት ሆነን ገዛናት፣ በሁለት ዓመት ብድር።
ዋሴ በሬውን ሸጦ ድርሻውን ሲያመጣ
ከገንዘቡ ጋራ ስሙም አብሮ መጣ።

ዘይቱ ፈሰሰ፣ ትኩስ፣ የጠጅ መልክ ያለው፤
ማረሻው ዝቅ፣ ዝቅ አለ፣ ጉልበት እንዳነሰው።
"ደሟ ነው?" አለኝ አንድ ልጅ።
"ዘይት ነው። የሊትሩን ዋጋ ብታውቀው
ደም ይሻለን ነበር።"

የፈነዳውን ቱቦ ፈታሁት። የቀረውን አፍ
በቆሮቆንዳ ወተፍሁት፣ ዘይት እንዳይንጠፈጠፍ።
ቱቦውን በጆንያ ጠቅልዬ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ፤
ረዳቱ "ይሸታል" ብሎ የሰው ሂሳብ ጠየቀኝ፤
ከፈልሁ፤ ምን እላለሁ?

ጎንደር ፒያሳ፣ ሦስት ሱቅ፣ ሦስት ዓይነት "የለም"።
አንዱ "በሳምንት ይመጣል" አለኝ፣ ቀና ሳይል ከስልኩም።
ሳምንት!
ጤፍ ቀጠሮ አያውቅም።
ሦስተኛው ግን አዘነልኝ፦ "አዘዞ ውረድ፣ አዛናውን ጠይቅ፣
ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ ነው፤ ጣቱን አይተህ ታውቀዋለህ፣ አትጨነቅ።"
ጠዋት ያለፍሁት ሰፈር!

አዛናው አመልካች ጣት የለውም።
ቱቦውን በቀሩት ዳበሰው፤ "ለምን ፈነዳ?" አላለኝም።
"ምን ሲያሸው ነበር?" አለ።
"ግፊት አይደለም የገደለው፤ ግፊትማ ሥራው ነው።
ቱቦን የሚጨርሰው ቀስ እያለ የሚያሸው ነው።"
ላስቲኩን ገለጠልኝ። የሽቦው መረብ ዝጓል፣
አይጥ እንደበላው ከረጢት ተበጣጥሷል።

ቦታውን አወቅሁት።
የካቲት ላይ ማቀፊያው ሲወድቅ፣ ሌላ ልግዛ ማለት ሰንፌ
በአጥር ሽቦ ያሰርሁት እኔ ነኝ፣ ብሎን ላይ አሳርፌ።
ዛሬ ጠዋት ለስድስቱ ያልሁት ግን
"የፋብሪካ ችግር ነው።"

ቆረጠ። በናፍጣ አጠበ። አዲሱን ቱቦ በክር ለካ፣
ግማሽ ስንዝር ጨመረ፤ "ሲታጠፍ ይሳባል፣ አጥብቀህ አትለካ።"
ብረቱን አጎረሰው፤ ፕሬሱ ነክሶ ሲጨምቀው
ጠረጴዛው ላይ ሻዩ ተንቀጠቀጠ፤
እኔም ትንፋሼን ይዤ ነበር፣ ሳላውቀው።

ገንዘቡን ሲቀበል ያችን የሌለች ጣቱን ቀሰረ፦
"ሲያፈስ በእጅህ አትፈልግ፤ ካርቶን ያዝ።
መተማ፣ ሰሊጥ እርሻ ላይ፣ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ነበረ።
ስትነካኝ አላመመኝም። ማታ እጄ አበጠ፤
በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ ቆረጠ።"

ሲመሽ ማሳው ደረስሁ። የጠበቀኝ ዋሴ ብቻ፣
በስልኩ መብራት፣ ጭቃው ዳር ቆሞ።
መጀመሪያ በእጅ፣ ቀጥሎ በአሥራ ዘጠኝ ቁልፍ፤
የተረፈችንን አንድ ጀሪካን ዘይት ሞላን።
ማንሣት፣ ማውረድ። ማንሣት፣ ማውረድ።
አየሩ አጉረመረመ፣ ወጣ።
ዋሴ ካርቶኑን ከቱቦው ሥር ይዞ፣ ፊቱን አርቆ፣
እየገለበጠ አየው።
ደረቅ ነው።

"ዋሴ፣ ሽቦው የእኔ ነበር" አልሁ።
ሞተሩ ይጮኻል፤ አልሰማኝም ብዬ ደስ አለኝ።
ሞተሩን አጠፋው።
"ምን አልህ?"
ደገምሁት።

ዝም አለ። እንቁራሪቶቹ ብቻ።
ከወንበሩ ሥር አሮጌ በረባሶ አወጣ፣
በቢላዋ አንድ ጠፍር ቀደደ፣
በብሎኑና በቱቦው መካከል ደጋግሞ ጠመጠመ፣
ጣቱን አስገብቶ ሞከረው፤ አይነካም።

"ቅዳሜ ሂሳብ ስንተሳሰብ ለሁሉም ራስህ ትነግራለህ" አለኝ።
ዕቃውን ሰብስቦ ጥቂት ሄደና
ዞረ፦
"ማረሻውን አውርድላት እንጂ።
ቀንበር ተሸክሞ የሚያድር በሬ የለም።"